አውሮፕላን ሲያልፍ ብልጭ የሚለው መስመር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኬፕታውን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የሃይድሮጅንን የ1420 ሜጋኸርዝ ሞገድ ከሰማይ ለመቀበል ከቆርቆሮ የቀንድ አንቴና ሠርቼ ጣሪያ ላይ አቁሜያለሁ። ሲግናሉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ኤዲሲ ከላቦራቶሪ መደርደሪያ ያገኘሁት ነው። ባለ 8 ቢት ነው፣ ማለትም ሲግናሉን በ256 ደረጃ ይለካል፤ በሰከንድ 5 ቢሊዮን ናሙና ይወስዳል። 1250 ሜጋኸርዝ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሌት ተቀን አይጠፋም። 1410 አካባቢ ደግሞ ሌላ መስመር ብልጭ ድርግም ይላል። ጓደኞቼ «ጣለውና ባለ 14 ቢት ግዛ» ይሉኛል። ልግዛ?
(ከጣሪያው ሥር)

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። ብሩን ለፊልተር፣ ያልፈለግኸውን ፍሪኩዌንሲ ለሚያግደው ዕቃ፣ አስቀምጠው።

መጀመሪያ አንቴናውን ንቀልና በቦታው 50 ኦም ተርሚኔተር (ምንም ሲግናል የማይሰጥ መዝጊያ) ግጠም። የ1250ው መስመር አሁንም አለ አይደል? እንግዲያው ሰማይን አትጠርጥር፣ ቺፑ ነው። እንዲህ ፈጣን የሆነ ቺፕ ብዙ ጊዜ ውስጡ አንድ አይደለም። የኢቱቪ ኩባንያ ኢቪ8ኤኪው160 ለምሳሌ አራት ኮር፣ ማለትም አራት ትንንሽ ኤዲሲ፣ አለው። እያንዳንዱ በሰከንድ 1.25 ቢሊዮን ናሙና ይወስዳል፣ ተራ በተራ። አራት ሚዛን ደርድረህ ጤፍ በተራ ስትመዝን አስበው። አንዱ ሚዛን ባዶውን 50 ግራም ካሳየ፣ ስህተቱ በየአራተኛው ኪሎ ይመለሳል። ያንተም እንደዚያው ነው። የ5000 ሩብ 1250 ነው። ይህ የኦፍሴት ልዩነት ይባላል።

የ1410ሩ ግን ደስ የሚል ነው። አውሮፕላኖች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በ1090 ሜጋኸርዝ ይልካሉ። የ5000 ግማሽ 2500። ከ2500 ላይ 1090 ቀንስ። አየኸው? አራቱ ኮሮች እኩል ካላጎሉ፣ ወይም ተራቸውን ትንሽ ቀደምና ዘግየት ካደረጉ፣ የአውሮፕላኑ ሲግናል ጥላ ሃይድሮጅንህ ጎን ይወድቃል። እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ 160 እና 2340 ላይ ተመልከት። እዚያም አብሮ ብልጭ ካለ ሌባው ተይዟል። (ቀና ብለህ ሰማዩንም ማየት ትችላለህ፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።)

መዘግየቱ ስንት ነው ካልከኝ፣ አንድ ፒኮሰከንድ ይበቃል። ብርሃን እንኳ በዚያች ጊዜ የሚሄደው 0.3 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ጥላው ከዋናው ወደ 50 ዴሲቤል (በኃይል መቶ ሺህ ጊዜ) ዝቅ ቢል ነው። ከላይህ ለሚያልፍ አውሮፕላን 50 ዴሲቤል ምንም አይደለም፤ ሃይድሮጅኑን ይውጠዋል።

አሁን ካሊብሬሽኑ፣ ኮሮቹን እኩል ማድረጉ። ኤዲሲው ያለበትን ካርድ አብራና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተወው፣ ይሙቅ። ከሲግናል ጄኔሬተር ንጹህ ሳይን ሞገድ አስገባ። የአራቱን ኮሮች ናሙና ለየብቻ ለይተህ በእያንዳንዱ ላይ ሳይን ግጠም። መጀመሪያ ኦፍሴቱን አስተካክል፣ ቀጥሎ ጌይኑን (የማጉላት መጠኑን)፣ መጨረሻ ፌዙን (ተራው የሚደርስበትን ጊዜ)። ቺፑ ለሦስቱም በየኮሩ ሬጅስተር (ቁጥር የምትጽፍበት ቦታ) አለው።

እዚህ ላይ እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ ላሳይህ። ጄኔሬተሩን ድፍን 100 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጌ፣ የናሙናውን ጊዜ ከሚቆጥረው ክሎክ ጋር በአንድ ማመሳከሪያ አስሬ፣ ሁለት ቀን ለፋሁ። ቁጥሮቹ አልያዝ አሉ። ለካ 1250ን ለ100 ስታካፍል 12.5 ነው። እያንዳንዱ ኮር ሞገዱን የሚያየው 25 ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እነሱኑ እየደጋገመ። ከ256ቱ ደረጃዎች አብዛኞቹ ጭራሽ አልተነኩም። 98.3 ሳደርገው በአንድ ከሰዓት አለቀ። ፌዙን ስታስተካክል ግን ወደ 1400 ከፍ በል። የጊዜ ስህተት ቀስ በሚል ሞገድ ላይ አይታይም።

ያገኘኸውን ቁጥር ፋይል ውስጥ አስቀምጠው። ኃይል ሲጠፋ ቺፑ ይረሳዋል። ጣሪያው ላይ ሙቀቱ ከተለወጠም ድገመው።

ወደ ቢቱ ልመለስ። ሰማይ የሚልክልህ ኖይዝ፣ ሥርዓት የሌለው ጫጫታ፣ ነው። ኖይዝን ለመለካት ብዙ ቢት አያስፈልግም። በ1 ቢት ብቻ እንኳ ጥሩ ከሚባለው መለኪያ 64 በመቶውን ታገኛለህ፣ በ2 ቢት 88። ቺሊ ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አልማ ሲሠራ የተገጠመለት 3 ቢት ነበር፣ በሰከንድ 4 ቢሊዮን ናሙና። ታዲያ የደቡብ አፍሪካው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሚርካት ለምን 10 ቢት አለው? ለሰማዩ ሳይሆን ለጣልቃ ገቡ ነው። የሳተላይትና የአውሮፕላን ሲግናል ሲመጣ የኤዲሲውን የመጨረሻ ደረጃ እንዳይነካ። አንተም የኖይዝህን አማካይ መወዛወዝ (አርኤምኤስ) ከዜሮ ወደ አንድ ወገን ካሉት 128 ደረጃዎች ከ20 እስከ 30 ባለው ላይ አድርገው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ለእንግዳ ይቀመጥ።

ደግሞ ሚርካት በአንተው አገር ካሩ ውስጥ ነውና ዘዴውን ስረቅ። ከ856 እስከ 1712 ሜጋኸርዝ ያለውን የሚወስደው በሰከንድ 1712 ሚሊዮን ናሙና ነው። ፊልተሩ ከዚያ ውጭ ያለውን ስለሚዘጋ የግድ መፍጠን የለበትም። አንተ 1420ን ብቻ ከፈለግህ 5 ቢሊዮኑ ምን ይሠራልሃል? ሌላ ሰው 1090ን ይዞ እንዲመጣ በር መክፈት ነው።

ፊልተሩን ከመጀመሪያው ማጉያ በኋላ ግጠመው። ከፊት ካደረግኸው የራሱን ኖይዝ ይጨምርብሃል። አውሮፕላኑ ማጉያውን ራሱን ካነቀው ግን ከፊት ማድረግህ አይቀርም፣ ትንሽ ትከስራለህ። የ160ውን ስፔክትረም አይተህ ጻፍልኝ።