ጠያቂና መላሽ፦ ለቱርቦ ሞተር የትኛው ውሃ ፓምፕ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊውአርኤክስ አለችኝ፤ ሞተሯ ኢጄ20 ቱርቦ ነው። የቱርቦውን ግፊት ትንሽ ካስጨመርኩ ወዲህ፣ ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር መንገዱ ተዘግቶ ስንቆም ሙቀቷ ይወጣል። መሮጥ ስትጀምር ይወርዳል። ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ «የሬሲንግ ነው፣ ውሃ በደንብ ይገፋል» ብለው የአሉሚኒየም ፓምፕ አሳዩኝ። መካኒኬ ደግሞ ፓምፑን ተወው፣ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥተን እንጣለው ይላል። ማንን ልስማ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው። መልሱ ራሱ ደብዳቤህ ውስጥ አለ። ቆማ የምትግል፣ ስትሄድ የምትቀዘቅዝ መኪና መጀመሪያ የሚጎድላት ነፋስ ነው። ስለዚህ ከራዲያተሩ ቬንትሌተሮች (ማራገቢያዎች) ጀምር። ሁለቱም ይነሳሉ? በሙሉ ኃይላቸው ነው የሚዞሩት? የፕላስቲክ መከለያቸውስ አለ ወይስ አንዱ ጋራዥ ፈቶ አስቀርቶታል? ከራዲያተሩ ፊት ትልቅ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) አስገብተህ ከሆነ ደግሞ ራዲያተሩ ጋር የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን እይ። ይሄን ነገር ሰው ሁሉ ይንቀዋል፣ እኔ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ከፓምፑ አስቀድመዋለሁ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቴርሞስታትህ በደንብ ከሚከፈትበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። 1.1 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ሲኖር ግን ውሃው ከ115 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይሄን ሁሉ ያሳጣሃል። አየሩም ቢሆን ከባህር ዳር አገሮች በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፤ ያው ቬንትሌተር በያው ፍጥነት እየዞረ ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ የሚበቃ ራዲያተር እዚህ ላይበቃ የሚችለው ለዚህ ነው።

ፓምፑ የሚጠረጠረው መቼ ነው? ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሞተሩን ከፍ አድርገህ እየጫንካት ስትወጣ፣ ነፋስ እያገኘች እንኳ ሙቀቱ አልቆም ካለ። ያኔም ቢሆን ግፊት ጨምረሃልና አስቀድመህ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) አስመርምር። ሞተሩ ሲረገጥ የራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ ወይም መኪናው ገና ሳይሞቅ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ድርቅ ካለ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ይሄን ማንም ፓምፕ አያድነውም።

አሁን ወደ «ሬሲንጉ» ፓምፕ እንምጣ። ለውድድር የሚሠሩ ብዙ ፓምፖች የታሰቡት ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ እንዲዞር ነው። በዚያ ፍጥነት ተራ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ክፍል ማለቴ ነው) ከጀርባው አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን ይበላዋል፣ ግፊቱም ይሰንፋል። ያንን ለማስቀረት ክንፎቹን ይቀንሷቸዋል ወይም ያሳንሷቸዋል። በሌሎች ሞተሮች ላይ ደግሞ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያዞረውን ክብ) አተልቀው ፓምፑን ያዘገዩታል። ለውድድር ትክክል ነው። አንተ ግን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር እየተነፈሰ ስትቆም፣ እንዲህ ያለው ፓምፕ የሚገፋው ውሃ ከፋብሪካው ፓምፕም ሊያንስ ይችላል። ችግርህን ይጨምርልሃል እንጂ አይቀንስልህም። ስለዚህ ሻጩን ስንት ፈረስ ጉልበት ይችላል ብለህ አትጠይቅ። በስንት ዙር ስንት ሊትር ይገፋል በል። መልስ ከሌለው ብርህን ይዘህ ውጣ።

የድሮው ፓምፕህ ካረጀ ግን ቀይር፣ እሱ ላይ አትሰስት። ሱቁ ውስጥ ፓምፑን በእጅህ ያዘውና ገልብጠው። የፕላስቲክ ኢምፔለር በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ዘንጉ ላይም ሊሾር ይችላል፤ ያኔ ፑሌጃው ይዞራል፣ ውሃው ቆሟል። ከስስ ላሜራ የተቀጠቀጠው ባዶ ውሃ የለመደ ሞተር ውስጥ በዝገት ያልቃል። ቀልጦ በቅርጽ በጥሩ የፈሰሰ ብረት፣ ክንፎቹ ጠርዛቸው የተስተካከለና ከጀርባ የተሸፈነ ቢሆን እመርጣለሁ። ዘንጉን በጣትህ አዙረው፤ ለስለስ ብሎ ከበድ ማለት አለበት። ከጎን ወደ ጎን ከተነቃነቀ ወይም ኩሽኔታው ከተንኮሻኮሸ መልስለት። በሱባሩህ ላይ ይሄ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ኢጄ ላይ ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ጀርባ ነው። ኩሽኔታው ከነከሰ ቺንጋው ይወጣል፣ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ ፓምፑን፣ ቺንጋውንና መወጠሪያውን አንድ ላይ ቀይር። ለመንገድ መኪና ኦሪጅናል ፓምፕ፣ ጥሩ ራዲያተርና ጤነኛ ክዳን ይበቃሉ፤ ፎርጂድ የበዛበት ገበያ ስለሆነ ግን የምታምነውን ሱቅ ያዝ።

ቴርሞስታቱን አታውጣ። ውሃው ቶሎ ሲያልፍ ሙቀት አይዝም የሚሉህም፣ አውጣው የሚሉህም ተሳስተዋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጩን ቀዳዳ (ውሃውን ራዲያተር ሳያሳልፍ ወደ ሞተር የሚመልሰውን) ይዘጋል። ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ይገባል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ውሃ ፓምፕስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከሞተሩ ዙር ጋር ስላልታሰረ ቆመህም ይገፋል፣ ሞተር ካጠፋህ በኋላም ቱርቦውን ያቀዘቅዛል። ቢኤምደብሊው ኤን52 ሞተር ከፋብሪካው እንዲህ ነው የመጣው። ግን መቆጣጠሪያው፣ ሽቦውና ዲናሞው አስተማማኝ መሆን አለባቸው፤ አንድ ፊውዝ ሲቃጠል ውሃው ይቆማል። ኢጄ ዓይነት ሞተር ላይ ደግሞ ቺንጋው በፓምፑ ፑሌጃ ላይ ስለሚያልፍ ፓምፑን ዝም ብሎ መንቀል አይቻልም።

ጥያቄ፦ ልጄ መኪናው ላይ አዲስ ፓምፕ አስገባ። እስካሁን ግን ሙቀት ይወጣል፣ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ነው የሚሰጠው። ፓምፑ ፎርጂድ ይሆን? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አባቴ፣ ፓምፑን ከመክሰስዎ በፊት የውሃው መስመር ውስጥ አየር አለመታፈኑን ያረጋግጡ። ማሞቂያው ቀዝቃዛ መስጠቱ ዋናው ምልክት ነው። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው ዳገት ላይ ያቁሟት፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ያዙሩት፣ ከዚያ ኩላንቱን (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ቀስ ብለው ይሙሉ። ሞተሩን አስነስተው አረፋ መውጣቱ እስኪያቆምና ቬንትሌተሩ እስኪነሳ ድረስ ይጠብቁ። ባዶ የቧንቧ ውሃ አይሙሉ፤ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ይሁን። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ማሞቂያው ካልሞቀ፣ ያኔ ፓምፑን ያስፈቱት።