«ሀ ሁ»ን ይዘምሩታል፣ «ሁ» የቷ ናት ሲባሉ ግን ዝም

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሰልጣኝ ነኝ። ለተግባር ልምምድ ደምበጫ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ተመድቤ አንደኛ ክፍል ደርሶኛል። ልጆቹ 71 ናቸው። ፊደሉን አሳምረው ይዘምሩታል። ገበታው ላይ አንዷን ነጥዬ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይሉኛል። የክፍሉ መምህር «ይለምዱታል፣ ዝም ብለሽ አስብያቸው» ይሉኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኮሌጁ መምህር ሊገመግመኝ ይመጣል። ምን ላድርግ? ዕጩ መምህርት ነኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። የሳቅሁት ባንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው።

ማስተማር የጀመርኩት ጮቄ ተራራ ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ ነው። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። 231ዱንም ፊደል ትንፋሽ ሳይወስድ ይወርደዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አስነሥቼ አስብለው ነበር፤ ኩራቴ ነበር። አንድ ቀን ገበታውን በመዳፌ ሸፍኜ «ቶ»ን ብቻ አሳየሁት። ዓይኑን ጨፈነና ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ከ«ሀ» ተነሥቶ፣ «ለ»ን አልፎ፣ «ሐ»ን አልፎ፣ በጣቱ እየቆጠረ ወደ «ተ» ቤት ይሄዳል! «ተ፣ ቱ፣ ቲ...» ብሎ ሲደርስ ዓይኑን ገለጠና «ቶ!» አለ። ልክ ነው። ግን አላነበባትም፣ በእግሩ ተጉዞ ነው የደረሰባት። ልጁን አምስት ወር አስተምሬዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ይሄን በኋላ ለሰልጣኞቼ ስነግራቸው «የቆሎ ትምህርት ቤት ያመጣብን ነገር ነው» ይሉኛል። ኧረ በየኔታ አትፍረዱ! የኔታ ይሄን በሽታ ከእኛ በፊት ያውቁታል። ልጁ «ሀ ሁ»ን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለምን ይመስልሻል? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉም ይቀየራል፣ ድምፁም ይቀየራል፤ በዜማ መሮጥ አይቻልም። ልጁ የግዱን እያንዳንዷን ያያታል። በዚያ ላይ የኔታ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ በስንደዶ አንድ በአንድ እየነካ ነው የሚቆጥረው። እኛ ዜማውን ወሰድንና ስንደዶውን ጣልነው።

ስለዚህ ስንደዶውን መልሺው። 71 ልጆችሽን ሰባት ቦታ ክፈያቸው። አንድ ይተርፋል፤ እሱ ያንቺ ረዳት ይሁን፣ በተለይ የሚረብሸው ከሆነ። ከሱቅ የሳሙና ወይም የብስኩት ካርቶን ለምኚ። በመዳፍሽ ልክ ቆራርጪና በወፍራም ማርከር አንድ ካርቶን ላይ አንድ ፊደል ጻፊ። ለየቡድኑ አንድ ስብስብ ስጪ፤ ስንደዶው በተራ ይዙር። መሬት ላይ ይበትኑት። አንቺ «ቡ» ስትዪ ይፈልጉና ይንኩ። ያልነካ አይመታ፣ አይሳቅበትም።

ከፊደሉ በፊት ግን ድምፁ ይቅደም። ይሄን ኮሌጅ ሳትማሪው አልቀረሽም፣ ክፍል ስትገቢ ግን ይረሳል። «በ ብሎ የሚጀምር ማን ያውቃል?» በይ። በሬ ይሉሻል፣ በግ ይሉሻል፣ በርበሬ ይሉሻል። «ቡ»ስ? ቡና፣ ቡችላ፣ ቡሬ። «ቢ»ስ? ቢላዋ፣ ቢቸና። «ባ»ስ? ባቄላ፣ ባሕር ዳር። አየሽ፣ ጎጃም ራሷ የ«በ» ቤት መማሪያ ናት። ልጅ የሚያውቀውን ቃል ይዞ ሲመጣ ፊደሏ ፊት ታገኛለች። «ለ»፣ «ሰ» እና «በ»ን ግን በአንድ ቀን አታምጪያቸው፤ መልካቸው ይቀራረባል። የ«ሀ»፣ የ«ሐ» እና የ«ኀ»ንም ነገር ለጊዜው ተዪው፤ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ አንድ ድምፅ አንድ መልክ ይበቃዋል።

እጃቸውንም እይ። ከቤት እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ብዙ አለ። እነዚህን ወደ ደብተር አታጣድፊያቸው። ደጅ አውጪና አሸዋ ወይም አመድ ላይ በጣታቸው ይጻፉ። ጭቃ ያድቦልቡሉ። ያልጠነከረ ጣት ላይ እርሳስ ስትጭኚበት ልጁ ፊደሏን ሳይሆን እርሳሱን ሲታገል ይውላል።

መዝሙሩን አታጥፊው፣ አደራ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ይሄን ያህል ቁጭ የሚል ልጅ የታመመ ነው። አምስት ደቂቃ ይዘምሩ፣ ከዚያ የድምፅ ጨዋታ፣ ከዚያ ካርቶን፣ ከዚያ ደጅ። ሌሰን ፕላንሽም ላይ እንዲሁ ጻፊው። ለግምገማው ቀን ብቻ ቀለማ ቀለም ቻርት ይዘሽ እንዳትገቢ። ልጆቹ ያጋልጡሻል፤ «ቲቸር፣ ዛሬ ምን ተገኘ?» ይሉሻል። እኔ ራሴ ስንቱን ሰልጣኝ ስገመግም በዚህ ይዤዋለሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ መምህር። እሳቸው 71 ልጅ ይዘው ዓመት የሚዘልቁ ሰው ናቸው፤ አንቺ ሰንብተሽ ትሄጃለሽ። «ኮሌጅ እንዲህ አይደለም የተማርነው» ብለሽ አትጀምሪ። «ጋሼ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልሞክር» በያቸው። ሲሠራ ካዩ ካርቶኑን ራሳቸው ያስቀሩብሻል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በየትምህርት ቤቱ ጎበዙና ነባሩ መምህር ወደ ላይኛው ክፍል፣ ጀማሪው አንደኛ ክፍል ይመደባል። የተገላቢጦሽ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ የተበላሸ ንባብ ሥሩ ሲታይ እዚችው አንደኛ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ መምህራን ኮሌጅ ገብታ የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርነት ደረሳት። ዘመድ ሁሉ «ለሞግዚትነት ነው እንዴ ያስተማርካት?» ይለኛል። እሷም ከፍቷታል። ዘርፍ ትቀይር? አባት ነኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዘመዱን ወሬ ይተዉት። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች ከ1ኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ይማራሉ። ያንን ክፍል የሚይዝ ሠልጥኖ የመጣ ሰው ያስፈልጋል። የ«ዜሮ ክፍል»ን ልጆች ላልሠለጠነ ሰው ስንሰጥ ምን እንደሆነ አይተናል፤ የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ ዝቅ አድርጎ ማስጠናት ሆኖ ቀረ። ደመወዙ እንደሁ ያው የምናውቀው ነው፣ አልዋሽዎትም።

ይልቅ ልጅዎ ለሥራው ትሆናለች ወይ የሚለውን እንይ። እሑድ ከሰዓት የጎረቤት ሕፃናትን ሰብስባ መሬት ላይ ቁጭ ትበልና አንድ ተረት ትንገራቸው። መጽሐፍ አያስፈልግም፣ ያያቷን ተረት ትንገር። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለው ይመልሱላት። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ልጆቹን ብቻ ይዩ። እየተንፏቀቁ ወደ ጉልበቷ ከቀረቡ፣ ሲያልቅም «ድገሚልን» ካሉ፣ ዘርፉን አትቀይር። ተረቱ መሐል ላይ ተነሥተው ኳሳቸውን ካሳደዱ፣ ለሚቀጥለው ወር እትም መልሰው ይጻፉልኝ።