ከቀብዱ በፊት የኋላውን ክዳን አስከፍቱ

ከፍኖተ ሰላም አንድ ወጣት «ባሕር ዳር ላይ ጥንታዊ የእንግሊዝ መኪና ተገኝታለች፤ ቀብድ ልስጥ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ መምህር የገዛትን መኪና አስታወሰኝ። ያ ሰው የዓመታት ቁጠባውን ማፍሰሱ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ እውነቱን ለማወቅ ማግኔትና የእጅ ባትሪ ይበቃው ነበርና።

መኪናዋ ስትታይ ታምራለች። ረጅም ኮፈን፣ የሚያብረቀርቅ የራዲያተር ፊት፣ ክብ መብራቶች፣ ከኋላ የቆመ ትርፍ ጎማ። ደላላው «እ.ኤ.አ. የ1952 ኤም ጂ ቲዲ ናት» አለ። ቲዲ የሚባል መኪና በእርግጥ አለ፤ እንግሊዞች ከ1950 እስከ 1953 የሠሩት ነው። ሞተሩ 1250 ሲሲ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝና ከፊት የተቀመጠ ሲሆን ቦዲው በእንጨት አጽም ላይ የተለበጠ ላሜራ ነው። የመምህሩ መኪና ኮፈን ሲነሳ ግን የተገኘው የነዳጅ ታንክ ነበር። ከራዲያተሩ ፊት ጀርባ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ እንኳ የለም። በሩ ላይ ማግኔት ሲደረግ አልያዘም፤ ቦዲው ፋይበር ነው። ከትርፍ ጎማው ሥር ያለው ክዳን ሲከፈት የቮልስ ሞተር ተቀምጧል።

ደላላው «ኦርጅናሉ ሞተር ተበላሽቶ የቮልስ ገባለት» አለ። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህች መልስ ነው። የፊት ሞተር ቢበላሽ ምትኩ እዚያው ፊት ይገባል እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ሞተሩ ከኋላ ከሆነ ሻንሲውም የቮልስ ነው። ምንጣፉ ሲገለጥ በወለሉ መሐል ለመሐል የሚሄደው ከፍ ያለ የቮልስ ብረት፣ ቶኔል የሚባለው፣ ወጣ። ከኋላ በኩል፣ በቮልስ የኋላው ወንበር በሚያርፍበት ቦታ፣ ቶኔሉ ላይ በ118 የሚጀምር ቁጥር ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ 115 ካለ 1965፣ 118 ካለ 1968 ነው። ቸርኬዎቹም ባለ አራት ብሎን ነበሩ፤ የ1950ዎቹ ቮልስ አምስት ነው ያለው። መምህሩ ይህን ሁሉ ያየው ከከፈለ በኋላ ነው።

እንዲህ ያሉ ቅጂዎች በውጭ አገር በብዛት ተሠርተዋል። ሰው የፋይበር ቦዲውን ከነመገጣጠሚያው ይገዛና የአሮጌ ቮልስ ቦዲ አንስቶ ያንን ያስርበታል። ቲዲ የተመረጠው የጎማ ለጎማ ርቀቱ 2.39 ሜትር፣ የቮልስ ደግሞ 2.40 ስለሆነ ሻንሲው ሳይቆረጥ ስለሚገጥም ነው። የጀርመኑ ስፖርት መኪና የፖርሽ 356 ስፒድስተር ቅጂ ከሆነ ግን የኦርጅናሉ ርቀት 2.10 ሜትር ስለሆነ ሻንሲው 30 ሴንቲሜትር ያህል ተቆርጦ ይበየዳል። ያን ብየዳ ከሥር ገብታችሁ ዳር እስከ ዳር እዩት። የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ ወይም በስቱኮ የተሸፈነ ከሆነ ትታችሁ ሂዱ።

ቅጂ መሆኗ ነውር አይደለም። እንዲያውም ለእኛ አገር ከኦርጅናሉ ትሻላለች፤ የቮልስ ዕቃም ቮልስ የሚያውቅ መካኒክም ይገኛል። ነውሩ በኤም ጂ ዋጋ መሸጧ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ውስጥ የምትሄድ ቮልስ ዛሬ በምትሸጥበት ዋጋ ጀምሩ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሻጭ ሁሉ ዋጋ የሚሰቅልበት ምክንያት አግኝቷል፤ እናንተ ግን የሦስት ቮልስ ዋጋ ጠይቃችሁ አመዛዝኑ። ቦዲው ዋጋ የሚጨምረው ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው።

ፋይበሩን በጣት አንኳኩት፤ ድምፁ በድንገት ከደነዘዘ ሥሩ ስቱኮ ነው ወይም ንብብሩ ተላቋል። በማጠፊያዎች ዙሪያ እንደ ኮከብ የሚበተን ስንጥቅ ካለ በሩ የታሰረበት ብረት ላልቷል ማለት ነው። የቮልስ ወለል ጥንካሬ የሚያገኘው ከላዩ ከሚታሰርበት ቦዲ ጭምር ነው፤ ቦዲው ሲነሳ ምትክ የብረት ፍሬም ካልተሠራለት ወለሉ ይጎብጣል፣ በሮቹም አይገጥሙም። ባትሪው የነበረበትን የቀኝ ኋላ ወለል በካቻቪቴ ጠቅ አድርጉት፤ አሲድ የሚበላው እዚያ ነው።

መብራት ሲፈዝ ዲናሞውን አትርገሙ። ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ እያንዳንዱ መብራት ወደ ሻንሲው የሚሄድ የራሱ ኔጌቲቭ ገመድ ያስፈልገዋል፤ ገመዱ ከላላ መብራቱ ይፈዛል። ይህ ርካሽ ጥገና ነውና በዋጋ ክርክር ተጠቀሙበት።

ሞተሩን ሳይነሳ ያዙት። ቺንጊያው የሚዞርበትን የታች ፑሊ ጨብጣችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ግፉም። የኮሎው፣ ማለትም ፑሊው የታሰረበት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የፊትና ኋላ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ እጃችሁ «ቀጭ» የሚል ከሰማ ሞተሩ መከፈቱ ነው፣ የዚያን ወጪ ከዋጋው ቀንሱ። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት፣ ስታስለኩ የከፍታውን ነገር አትርሱ፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። በባሕር ጠለል 110 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚሰጥ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 90፣ ማርቆስ ላይ 80 ገደማ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። የሚያስፈራው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ሲራራቁ ነው።

የዛሬ ልጆች በቴሌግራም ፎቶ ቀብድ ትልካላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ስልኩ ግን ለዚህም ይጠቅማል፤ ሻጩ የቶኔሉን ቁጥርና ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ያለውን የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጎን አድርጎ ፎቶ ይላክ። የሻንሲው ቁጥር ካልገጠመ በነፃም አትውሰዷት። የተለያየው የሞተሩ ብቻ ከሆነ ሻጩ በራሱ ወጪና በራሱ ስም ሊብሬውን ያስተካክል፤ እስከዚያ ብር አይንቀሳቀስ። ሁሉም ከገጠመ በጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩም ቀድሞ እንዳይነሳ ንገሩት። ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ፣ ምን ቀለም ጭስ እንደሚያወጣ ራሳችሁ ማየት አለባችሁ።