ለቤቱም ለካፌውም አንድ ማጣሪያ? እኔስ አልመክርሽም

ሰላም እህቴ፤ በቅድሚያ ሥራው ይቅናሽ። ጥያቄሽን ላላያችሁት ባጭሩ ይሄ ነው። እህታችን ደብረ ብርሃን ጠባሴ ምድር ቤቱን ካፌ ልታደርገው፣ ፎቁ ላይ ከነቤተሰቧ ልትኖር ነው። አንድ ሻጭ ባለ 7 ደረጃ አር.ኦ (ውሃን በግፊት በስስ ገለፈት የሚያሳልፍ) ማጣሪያ አቅርቦላት «ለቤትም ለቡና ማሽኑም ይበቃሻል» ብሏታል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ ነው የምትለው። ከሥር የመለሱላት ግማሾቹ «ጤና ነው፣ ግዢው» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «አፍልተሽ ጠጪ፣ ብርሽን አታባክኚ» ብለዋል።

እኔ የቡና ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ አንዳንዴም እስከ አጣዬ ድረስ እየተጠራሁ ማሽን ስፈታ ነው የምውለው። የውሃን ጉዳይ የተማርኩት ከቦይለር ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ያ «7 ደረጃ» የሚባለው አያስደንግጥሽ። ብዙውን ጊዜ አንዱ አሸዋና ዝገት የሚይዝ ነጭ ካርትሪጅ ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱ ያው ከሰል ናቸው። አንዱ ዋናው ሜምብሬን፣ ማለትም ያ ስሱ ገለፈት ነው። ቀሪው ማዕድን መላሽ ወይም ዩቪ የሚባለው ጀርም ገዳይ መብራት ነው። ሥራውን የሚሠራው ሜምብሬኑ ነው፤ ሌሎቹ እሱን ይጠብቃሉ ወይም ጣዕም ያስተካክላሉ። ቁጥሩ ለሻጭ ነው የሚጠቅመው።

ምናልባት ሁለት ብርጭቆ ደርድሮ፣ ኤሌክትሪክ ያለው ዘንግ ነክሮም አሳይቶሽ ይሆናል። የቧንቧሽ ውሃ እንደ አተላ ይደፈርሳል፣ የሱ ማጣሪያ ውሃ ኩልል ብሎ ይቀራል። ሰው በዚህ ነው የሚደነግጠው። ያ ቡናማ ነገር ግን ከውሃሽ የወጣ ቆሻሻ አይደለም። ከዘንጎቹ አንዱ ብረት ነው። ብረቱ ራሱ በኤሌክትሪክ እየተበላ ውሃው ውስጥ ይገባል። የተጣራው ውሃ ያልደፈረሰው ማዕድን ስለሌለው ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ ነው። በሚቀጥለው ሲመጣ ከሱ ውሃ ላይ ቁንጥር ጨው ጨምሪና «በል አሁን ድገመው» በይው። ያው ይደፈርሳል። ፊቱን እያየሽ ትስቂያለሽ።

ቲ.ዲ.ኤስ መለኪያ የምትባለዋ እስክሪብቶ መሳይ ነገርም እንዲሁ ናት። ውሸታም አይደለችም፤ የምትለካው ግን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን ብቻ ነው። ጀርም አታይም። ቁጥሩ 50 የሆነ ውሃ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ 400 የሆነው ደግሞ ለመጠጥ ምንም ላይለው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በሊትር ከ600 ሚሊግራም በታች ያለው ጣዕሙ ጥሩ ነው ይላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ውሃ ውስጥ የምንጠላቸው ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ድፍርስና ዝገት አለ፤ እሱን ቀዳዳው 5 ማይክሮን የሆነ ካርትሪጅ ይይዘዋል። የክሎሪን ሽታ አለ፤ እሱን ከሰል ይወስደዋል። ጀርም አለ፤ እሱ መፍላት፣ ክሎሪን፣ ዩቪ ወይም በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ይፈልጋል። ከነዚህ ሁሉ የተለየው ደግሞ የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፤ ሳሙና አላረፋ የሚልሽና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው እሱ ነው። ለሰው ጤና ጉዳት የለውም። የቡና ማሽን የሚገድለው ግን እሱ ነው። ቤትሽና ካፌሽ አንድ ማጣሪያ የማይጋሩትም ለዚህ ነው፤ ፎቅ ላይ የሚያሳስብሽ ጀርም ነው፣ ምድር ቤት ቅርፊቱ።

እስቲ ከካፌው ልጀምር። ውሃ ሲሞቅ የሟሟው ካልሲየም ጠጣር ሆኖ ይቀመጣል። ጀበና ደብረ ብርሃን ላይ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ስለሚጠጋ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የማሽኑ ቦይለር ግን ታፍኖ በግፊት ስለሚሠራ ወደ 120 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉም አይጠፋም። ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ አውጥቼ ሳየው ቀዩ መዳብ አይታይም፤ በጥፍር የማይላቀቅ ነጭ ልባስ ለብሷል። ሙቀቱ ወደ ውሃው አላልፍ ስለሚል ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል። ቀጭኗ የቡና መውረጃ ቀዳዳም ትጠባለች። ባሬስታው ቡናውን ይወቅሳል፣ ባለቤቱ ባሬስታውን። ጥፋቱ የውሃው ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ሶፍትነር ነው። ሬዚን የሚባል ፍሬ ፍሬ ነገር የሞላበት የብረት ሲሊንደር ነው፤ ካልሲየሙን ይይዝና በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ የሚደፋው ውሃም ሲታደስ ብቻ ነው። ለትንሽ ካፌ 8 ሊትሩ ይሆናል። ሬዚኑ ካልሲየም ሲጠግብ ለማደስ 1 ኪሎ ያህል ንጹህ ደረቅ ጨው ከላይ ጨምረሽ፣ ውሃው ቀስ እያለ በመውጫው እንዲፈስ ታደርጊያለሽ። አፈር ያለበት ጨው አትጨምሪበት፤ ሬዚኑን ይደፍነዋል። እድሳቱ ማለቁን የምታውቂው በምላስሽ ነው፤ የሚወጣው ውሃ ጨው ጨው ማለቱን ሲያቆም ወደ ማሽኑ ትመልሺዋለሽ። ሠራተኞችሽ ይህን ቸኩለው እንዳይዘሉት ራስሽ ቁሚ። ጨዋማ ማኪያቶ የጠጣ ደንበኛ ዳግመኛ አይመጣም።

«ታዲያ አር.ኦው ካልሲየሙን ያወጣው የለ?» ትይኝ ይሆናል። ያወጣዋል። ችግሩ ከልክ በላይ ማውጣቱ ነው። ደብረ ሲና አንድ ባለ ካፌ «ማሽኑ አብዷል» ብሎ ጠራኝ። ወተት ሊያሞቅ እንፋሎቱን ሲከፍት ውሃ ይተፋል። ሌላ ጠጋኝ ቦርዱን ቀይሮለት ነበር፤ ያው ነው። ማሽኑ ቦይለሩ መሙላቱን የሚያውቀው በአንዲት ቀጭን ዘንግ ነው። ውሃው ዘንጓን ሲነካ በውሃው በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፍና ፓምፑ ይቆማል። ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፈው ማዕድኑ ነው። ባለ ካፌው ደግሞ አዲስ አር.ኦ አስገብቷል፤ ዘንጓ ውሃ ውስጥ ተዘፍቃም «ውሃ የለም» ትላለች። ቦይለሩን አፍስሰን የቧንቧ ውሃ በጀሪካን አገናኘንለት። ፓምፑ ሞልቶ ቀጥ አለ። ለቦርዱ የወጣው ብር ከንቱ ሆነ። አር.ኦ ለካፌ የሚገባው ውሃሽ በእውነት ጨዋማ ከሆነ ነው። ያኔም ቢሆን ጥቂት ያልተጣራ ውሃ የሚቀላቅል መቆጣጠሪያ ያለው መሆን አለበት። ፍጹም ባዶ ውሃ ብረትንም ይበላል፣ ቡናውንም ለዛ ያሳጣዋል።

ሌላም አለ። አር.ኦ ወደ 3 ባር ግፊት ይፈልጋል። ሮቶሽ 4 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጥሽ 0.4 ባር ነው። ስለዚህ የግድ በፓምፕ ነው። መብራት ጠፋ ማለት የተጣራ ውሃም ጠፋ ማለት ነው። ደግሞ ተራዎቹ የቤት አር.ኦዎች 1 ሊትር ለማጣራት 3 ሊትር ያህል ወደ ፍሳሽ ይለቃሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ያማል። የሚለቀውን በበርሜል ይዞ ወለል ማጠቢያ ማድረግ ይቻላል፣ የሚያደርጉትም አሉ። አቅሙ ላይ የሚጻፈው ደግሞ በ25 ዲግሪ ውሃ ተለክቶ ነው። «በቀን 75 ጋሎን» ሲል በሰዓት 12 ሊትር መሆኑ ነው። ውሃው አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የእኛን የህዳር ጠዋት ታውቂዋለሽ። ወደ 7 ሊትር ይወርድና ገበያው በሚደራበት ሰዓት ቧንቧሽ ይንጠባጠባል።

ስለ ብርዱ ካነሳሁ፣ የትኛውንም ማጣሪያ ብትገዢ ከቤት ውጭ ግድግዳ ላይ አታሰቅዪው። ውርጭ ሲመጣ ውስጡ ያለው ውሃ ይረጋና ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። የሸክላው ማጣሪያና ዩኤፍ የሚባለው (እንደ ክር የቀጠኑ ቱቦዎች ያሉት) የባሰ ናቸው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ውሃው ሲያዩት ንጹህ ነው፣ ጀርሙ ግን ያልፋል። እንደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ያላችሁ ይሄ አያሳስባችሁም። የእናንተ ጣጣ ሙቀቱ ነው፤ የተጣራ ውሃ ክዳን በሌለው እቃ ካደረ ጀርም ቶሎ ይራባበታል።

የካፌሽ አሠራር እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ከሮቶ በኋላ ትንሽ ፓምፕ፣ ከዚያ 5 ማይክሮን፣ ከዚያ ከሰል፣ ከዚያ ሶፍትነር፣ ከዚያ ማሽን። ከሰሉን ከሮቶው በፊት እናስገባው የሚል ቧንቧ ሠራተኛ ከመጣ እሺ አትበዪው። ከሰል ክሎሪኑን ያወጣዋል፤ ያለ ክሎሪን ሮቶ ውስጥ የሚተኛ ውሃ ደግሞ መከላከያ የለውም። ሲኒና ብርጭቆ ማጠቢያውም ከነክሎሪኑ በቀጥታ ከሮቶ ይምጣ። ሮቶውን ራሱን ማጠብ አትርሺ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የሚገባው ቀይ ድፍርስ ታች ይዘቅጣል፤ በየጊዜው ካልተራገፈ የትኛውም ካርትሪጅ አይችለውም።

ጁስም ካሰብሽ፣ በረዶው ከተጣራ ወይም ከፈላ ውሃ ይሠራ። ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም። ብዙ ጁስ ቤት ፍራፍሬውን አጥቦ አጥቦ በረዶው ላይ ነው የሚሸነፈው።

አሁን ወደ ፎቅ እንውጣ። ለቤት በኔ እይታ ከሁሉም የሚሻለው ባለ ሁለት ክፍል የሸክላ ማጣሪያ ነው፤ ከላይ ትሞያለሽ፣ ከታች ትቀጃለሽ። መብራት አይፈልግም፣ ፓምፕ አይፈልግም። ይዘገያል፤ ማታ ሞልተሽው ትተኛለሽ። ሲደፈን ሸክላውን ያለ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ማሸት ነው። ባክቴሪያን በደንብ ይይዛል። ቫይረስ ግን ጥቃቅን ስለሆነ ሊያመልጠው ይችላል። ሕፃን ካለሽ ወይም ውሃው ጠፍቶ በመጣ ሰሞን ከማጣሪያው የወጣውን አፍይው። «በእኛ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ስለሚፈላ ጀርም አይሞትም» ያለው ወንድማችን ተሳስቷል፤ ይሞታል። ከ2,000 ሜትር በላይ ላለን የሚመከረው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መተው ነው። ለማፍያ የምታነጂው ከሰል ከተወደደብሽ ደግሞ ክሎሪን አለ። እንደ ውሃ አጋር ያለውን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጀሪካኑ ውስጥ ጨምረሽ 30 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። ዩቪ የሚመኝ ካለ ውሃው መጀመሪያ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ በድፍርስ ውስጥ ብርሃኑ ጀርሙ ጋ አይደርስም። መብራቱም ቢበራ እንኳ በዓመት ገደማ ኃይሉን ስለሚጨርስ ይቀየራል።

ፍሎራይድ ስላነሳችሁት አንድ ነገር ልበል። ፍሎራይድ ጥርስ የሚያበልዝ፣ ሲበዛም አጥንት የሚጎዳ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። ተራ ከሰልም አይነካውም። አር.ኦ ያወጣዋል። በአገራችን በዚህ የሚታወቀው ግን ስምጥ ሸለቆው ነው፤ ዝዋይ፣ ወንጂና ያ አካባቢ። እዚህ ደጋ ላይ በፍሎራይድ አስፈራርቶ አር.ኦ የሚሸጥ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀት ያሳይ። ወደ ቆላው ወርዳችሁ የራሳችሁን ጉድጓድ ያስቆፈራችሁ ግን አስመርምሩት፤ መገመት አያዋጣም።

ለነገሩ ምርመራው ለአንቺም ይቀድማል። የከተማው ውሃ አገልግሎት ሄደሽ የሰፈርሽን ውሃ ውጤት ጠይቂ። ካልሆነ ላቦራቶሪ ያላቸው እንደ ዩኒቨርሲቲው ያሉ ተቋማት ይመረምሩ እንደሆነ ጠይቂ። ናሙናው ከምትጠቀሚበት ቧንቧ ይወሰድ፣ ከሮቶውም ለብቻ። ሃርድነስ (የካልሲየምና የማግኒዚየሙ መጠን)፣ ቲ.ዲ.ኤስ፣ ብረት፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬትና ኮሊፎርም (ውሃው በጀርም መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ) በይ። ኮሊፎርም የሚመረመረው ናሙና በንጹህ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ተይዞ በዚያው ቀን መድረስ አለበት፤ በሃይላንድ ላስቲክ ይዘሽ አትሂጂ።

ሃርድነሱ በሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ከመጣ ሶፍትነሩን ለጊዜው ተይው። ከ180 ካለፈ ማሽኑን ያለሱ አታስነሺ። መሃል ላይ ከሆነ እኔ ብሆን አስገባለሁ፤ አንድ ሬዚስታንስ ከመቀየር ይረክሳል።

ሻጩን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂው፤ መለወጫ ካርትሪጁ እዚህ ደብረ ብርሃን የት ሱቅ ይገኛል? «ከአዲስ አበባ እናስመጣልሻለን» ካለ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በጽሑፍ ይስጥሽ። «ከቻይና ይመጣል» ካለ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ተዪው። 10 ኢንች የሚባለውን የተለመደ መያዣ የሚጠቀም ከሆነ ግን የማንም ካርትሪጅ ይገባበታል፣ አትቸገሪም።

የማሽኑን ሞዴልና የምርመራውን ወረቀት ፎቶ ስታገኚ እዚሁ ለጥፊው። ስንት ሊትር ሶፍትነር እንደሚበቃሽ ያኔ አስልቼ እነግርሻለሁ።