የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለገጠር ወጣቶች የአመራር ሥልጠና ድጋፍ የሚጠየቀው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች። በምሥራቅ ጎጃም፣ በማቻከል ወረዳ በአንድ የገጠር ቀበሌ የምንኖር 17 ወጣቶች ነን፤ 7ታችን ሴቶች ነን። ከሁለት ዓመት ወዲህ በየቅዳሜው ታናናሾቻችንን እናስጠናለን፤ የቀበሌውን ምንጭም በደቦ አጥረናል። አሁን የወጣቶች የአመራር ሥልጠና ለመጀመር አስበን ገንዘብ ቸገረን። አንድ ሰው «ፕሮፖዛል ልጻፍላችሁ፤ ለማመልከቻው ጥቂት ብር ክፈሉና ሲፈቀድ 10 በመቶ ትሰጡኛላችሁ» ብሎናል። እንስማማ? ገንዘቡስ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ ከሰውየው ጋር አትስማሙ። ታማኝ የሆነ ለጋሽ ማመልከቻ ለመቀበል ክፍያ አይጠይቅም፤ ከተፈቀደው ገንዘብ ላይ ለጸሐፊ መቶኛ መክፈልም በበጀቱ ያልተያዘ ወጪ ስለሚሆን፣ ሒሳቡ ሲመረመር የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ከዚህም በላይ መንደራችሁን ያላየ ሰው የሚጽፈው ለየትኛውም ቀበሌ የሚሆን ወረቀት ነው፤ ምንጩን እንዴት እንዳጠራችሁ ግን ከእናንተ የተሻለ የሚጽፍ የለም።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልግለጽ። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብትና በመሰል ጉዳዮች የሚሠሩ አገር በቀል ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህ ገደብ ቀርቷል። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ ነው። ይሁንና ለምዝገባ እንድትቸኩሉ አልመክርም፤ ከምዝገባ በኋላ በየዓመቱ ሪፖርትና የኦዲት ግዴታ ይከተላል። ለመጀመሪያው ዓመት ቀድሞ ከተመዘገበና ሒሳቡን በወጉ ከሚያስመረምር አገር በቀል ድርጅት ጋር ስምምነት ተፈራርማችሁ፣ ገንዘቡ በእሱ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ሥራውን እናንተ ብትሠሩ ይሻላል። በስምምነቱ ላይ ግን ወጪ የሚወስነው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ ይህ ሳይጻፍ ከቀረ ወጣቱ ለራሱ ሐሳብ እንግዳ ይሆናል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሲሆን፣ የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ግን እስከ 35 ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ለጋሾች በሚያወጡት በየማመልከቻ ጥሪው የተቀመጠውን ዕድሜ አስቀድማችሁ እዩ። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የሚመለስ ብድር ነውና ለሥልጠና አይሆናችሁም። ለእናንተ አቅም የሚቀርቡት እንደ ካናዳ ያሉ ኤምባሲዎች ለአገር በቀል ድርጅቶች የሚሰጧቸው አነስተኛ ድጋፎች ናቸው። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሥራውን ካቆመ ወዲህ በቀረው ገንዘብ ላይ የሚሻማው ብዙ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ባይሳካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ዋናው ጉዳይ ግን «የአመራር ሥልጠና» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ነው። ለሦስት ቀን በአዳራሽ ተቀምጦ ማስታወሻ ይዞ፣ አበል ፈርሞ መበተን በገጠራችን ብዙ ታይቷል፤ አበሉ ሲቀር ወጣቱም ይቀራል። በእኔ እምነት ለጋሹ ማወቅ የሚፈልገው፣ ሠልጣኙ ከሥልጠናው በኋላ በምን ጉዳይ ላይ እንደሚወስን ነው። ምንጩን ያጠራችሁ ጊዜ ሥራውን የደለደለው፣ እምቢ ያለውን ጎረቤት ያግባባው፣ የገባውን ብር የመዘገበው ማን ነበር? አመራር ማለት ይኸው ነውና እሱን ጻፉ። ለሠልጣኝ ምሳና የትራንስፖርት ወጪ ብቻ ይያዝ፤ የቀረው ገንዘብ ወጣቶቹ ራሳቸው መርጠው ለሚሠሩት አንድ ትንሽ ሥራ ይዋል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ ሊበልጥ እንደማይገባም አትርሱ።

የራሳችሁን ድርሻ አታሳንሱት። 30 ሰው ለ4 ቀን በደቦ ቢወጣ 120 የሰው ቀን ጉልበት ነው፤ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ አስልታችሁ በበጀቱ «የኅብረተሰብ ድርሻ» በሚለው ሥር አስገቡት። ለዚህም የተሰብሳቢ ፊርማ ያለበት መዝገብ ከዛሬ ጀምሮ ያዙ።

ጊዜውንም ከእርሻው ጋር አስማሙ። ገንዘቡ ክረምት ላይ ቢለቀቅ እንኳ፣ በሐምሌና በነሐሴ አረም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስላለ ሥልጠናው የካቲትና መጋቢት ላይ እንዲሆን በማመልከቻው ውስጥ በምክንያት አስረዱ። በየወሩ በሚካኤል፣ በማርያምና በባለወልድ ቀን ገበሬው በሬ ስለማይጠምድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ለስብሰባ ይመቻል። መንገድ ቢዘጋ ከከተማ አሠልጣኝ ሳትጠብቁ በቀበሌው መምህር ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትቀጥሉበትን መላም አብራችሁ አቅዱ።

ሰዓቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሰባቱን ሴቶች ጠይቁ። ውኃ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው የሚጨርሱበት ሰዓት ከወንዶቹ ይለያል። ገንዘብ ያዥነቱንም ከእነሱ ለአንዷ ስጡና ስሟን በማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከሰብሳቢው ስም ጎን ጻፉት።