ቅዳሜን ማክበራችን ግማሽ አይሁድ ያደርገናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ባለፈው ቡና ላይ ሙስሊም ጎረቤታችን «እናንተ ትገረዛላችሁ፣ ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ታቦት አላችሁ፤ ከአይሁድ በምን ትለያላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። የአይሁድ እምነት ያው ብሉይ ኪዳን አይደል? እኛስ ግማሽ አይሁድ ነን ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህ ጥያቄ በየጉባኤው ይገጥመኛል። አንዳንዱ በኩራት ያነሣዋል፤ «እኛ እኮ ኦሪቱንም ወንጌሉንም የያዝን ነን» እያለ። ሌላው አፍሮ ነው የሚጠይቀኝ። ሁለቱም የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። እምነትን በሚታየው ልማድ ብቻ ይለኩታል።

እስኪ ግዝረትን እንይ። ወሎ ውስጥ ያልተገረዘ ወንድ የት አለ? ጎረቤትሽ ልጆቿን አስገርዛለች፤ እናትሽም ወንድሞችሽን አስገርዛለች። ታዲያ ግዝረት ሃይማኖት ይለያል? ከአውሮፓ የመጡ ካቶሊኮች «አይሁድነት አለባችሁ» ሲሉን ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጻፉት የእምነት መግለጫ ይህንኑ መለሱ። ግዝረታችን የሙሴን ሕግ ለመፈጸም ሳይሆን የአገር ልማድ ነው አሉ፤ ፊትን እንደ መብጣት ያለ። ቅዳሜንም ውኃ ሳንቀዳ፣ እሳት ሳናነድ የምንውልባት ሳትሆን ቁርባን የምናቀርብባት፣ ማዕድ የምናደርግባት ቀን ናት አሉ። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ያመኑትን «ካልተገረዛችሁ» አላሏቸውም። ቅዱስ ጳውሎስማ ቁርጡን ነው የተናገረው፦ «በክርስቶስ ኢየሱስ ሆኖ መገረዝ ቢሆን ወይም አለመገረዝ አይጠቅምምና፥ በፍቅር የሚሠራ እምነት እንጂ።»

ሌላው ስሕተት የዛሬውን የአይሁድ እምነት ብሉይ ኪዳን እንዳለ ቆሞ የቀረ አድርጎ ማሰብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አፈረሱት። መሠዊያ ከሌለ መሥዋዕት የለም። ከዚያ በኋላ ረቢ የሚባሉት መምህራኖቻቸው ጸሎትን፣ ሕጉን ማጥናትንና የምኩራብ ሥርዓትን አጠነከሩ። በቃል ሲወርድ የቆየው ትምህርታቸው በ200 ዓ.ም. ገደማ ሚሽና ሆኖ ተሰበሰበ፤ ቆይቶ ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ተከተለ። ብዙው አይሁድ ዛሬ ኦሪትን የሚረዳው በዚህ በኩል ነው። በእኛው አገር የኖሩት ቤተ እስራኤል ግን ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ ኦሪትን በግእዝ ነበር የሚያነቡት።

እኛ ያንኑ ኦሪት የምናነበው በክርስቶስ በኩል ነው። የኦሪቱን መሥዋዕት እርሱ ራሱን አንድ ጊዜ አቅርቦ ፈጸመው እንላለን። ታቦታችን ላይ የሚፈተተውም የእርሱ ሥጋና ደም ነው። እነርሱ መሲሑ ገና ይመጣል ይላሉ፤ እኛ መጥቷል፣ ሰው የሆነ አምላክ ነው እንላለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ልጄ። ጌታ «እናንተስ እኔን ማን እንደ ሆንሁ ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቀው ስለ ምግብና ስለ ቀን አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። «አይሁድ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገው የሚናገሩ ምእመናን አሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል። እመቤታችን ማን ናት? ጴጥሮስስ፣ ዮሐንስስ? ጌታም በሥጋ የተወለደው ከእነርሱ ነው። «ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን አንተ አትሸከምም» ተብለናል። እንዲህ ያለ ንግግር ከሰማሽ ዝም አትበይ።

ለጎረቤትሽ በሚቀጥለው ቡና ላይ ይህን ቀስ ብለሽ አስረጃት። ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በክርክር አትመልሺላት። ከዚያ በፊት ግን ዕብራውያንን ከምዕራፍ 7 እስከ 10 አንብቢ፣ ያልገባሽን ጻፊልኝ።