ላሞቹን ዕጣ ከመጣላችሁ በፊት

ወንድሜ፣ ሰበታ አካባቢ አባታችሁ ትተውላችሁ ያለፉትን 9 የወተት ከብት ለ3 ወንድማማቾች በዕጣ መከፋፈል ይሻላል ወይስ ሸጦ ገንዘቡን መካፈል ብለህ የጠየቅኸውን አነበብሁ። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ሱሉልታ ውስጥ ከአያቴ ጀምሮ በከብት ርባታ የሚተዳደር ቤተሰብ ሦስተኛ ትውልድ ነኝ። ይህንኑ ጥያቄ ቤታችን ሁለት ጊዜ ገጥሞት አንዱን በስሕተት፣ ሌላውን በትክክል ስለመለሰው ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልህ ወደድሁ።

አያቴ የጀመሩት ሜዳ ላይ በሚግጡ የሀገር ላሞች ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ሲወሰን የግጦሹ ሜዳ ከእጃቸው ወጣ፤ ላሞቹ ግን ቀሩላቸው። ከዚያ በኋላ ድርቆሽ እየገዙ በጥቂት ከብት ቆዩ። ሲያርፉ አባቴና ሦስት ወንድሞቹ 11ዱን ከብት ዕጣ ጥለው ተካፈሉ፤ ዓመት ሳይሞላ የሦስቱ አጎቶቼ በረት ባዶ ሆነ። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ጥፋቱ የአከፋፈሉ ነበር።

ምክንያቱን በእናንተው 9 ከብት ላሳይህ። ከእነዚህ ውስጥ ምናልባት 4ቱ ይታለባሉ፣ 2ቱ ነጥፈው መውለጃቸውን ይጠብቃሉ፣ የቀሩት ጊደሮችና ጥጆች ናቸው። የነጠፈችው ላም ፉርሽካና ፋጉሎ የሚገዛላት ዛሬ በምትታለበው ወተት ነው፤ እሷ ደግሞ ስትወልድ በተራዋ ሌሎቹን ትቀልባለች። ላም የምታረግዘው 9 ወር ከሳምንት ያህል ሲሆን፣ ከመውለዷ በፊትም ሁለት ወር ገደማ ሳትታለብ ማረፍ አለባት። እንግዲህ ዕጣው አንዲት የነጠፈች ላም፣ አንዲት ጊደርና አንድ ጥጃ ያደረሰው ወንድም ለወራት ያለ አንዲት ኩባያ ወተት መኖ ሊገዛ ነው። የመጀመሪያውን ወር ከኪሱ ያወጣል፣ ሁለተኛውን ይበደራል፣ በሦስተኛው ጊደሯን ይሸጣል። አጎቶቼ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ፤ 55 ቀን ሙሉ የወተት ፈላጊ ሲቀንስና ዋጋው ሲወርድ መኖው ግን በዋጋው ነበር።

አባቴ የተረፈው ከዕጣው ዛጎል የምትባል የምትታለብ ላም ስለደረሰችውና አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የዛጎልን ሴት ጥጃ ማንም እንዳይሸጥ ስላስማሉት ነው። ቃሊቲ የሚገኘው የሰው ሰራሽ ማዳቀል ማዕከል ሥራ ከጀመረ በኋላ አባቴ የዛጎልን ልጆች ፍሪዥያን በሚባለው የውጭ የወተት ዝርያ ኮርማ ዘር ማስዳቀል ጀመረ። እያንዳንዷ ላም የተዳቀለችበትን ቀንና የኮርማውን ቁጥር ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፤ ደብተሩ ዛሬም አለኝ፣ ጠርዙን እርጥበት በልቶታል፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ የእበት ጣት አሻራ ይታያል። አንድ ዓመት ሁለት ገጽ ተቀድዶ ጠፋና አንዲት ጊደር በገዛ አባቷ ዘር ተዳቀለች። የተወለደው ጥጃ እንገር ለመጥባት እንኳ አቅም አጥቶ በአራተኛው ቀን ሞተ። አባትና ልጅ ሲዳቀሉ የጥጃው የዝምድና መጠን 25 በመቶ ይደርሳል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ቀን የገባኝ የገጽ መጥፋት ጥጃ እንደሚገድል ብቻ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አባቴ ሲያርፍ እኛም ሦስት ነበርን፤ ከብት ግን አልተካፈልንም። አስቀድመን የእናታችንን ድርሻ ለየን፤ በትዳር የተፈራ ሀብት ግማሹ የእሷ ነው፣ ውርስ የሚባለው የአባት ግማሽ ብቻ ነው። የእናንተም እናት በሕይወት ካሉ ጉዳዩ ከዚህ መጀመር አለበት። ቀጥሎ ከብቶቹን ሁሉ ለሳንባ ነቀርሳ አስመረመርን። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የድቅል ላሞች መንጋ ውስጥ ይህ በሽታ የታወቀ ችግር ስለሆነ፣ ሳይመረመር የተገመተ ላም ገማቹንም ተካፋዩንም ያሳስታል። የእንስሳት ሐኪሙ አንገታቸው ላይ በመርፌ ወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱን ለካ። ከዚያ ሐኪሙና ሁለት ጎረቤት አርቢዎች እያንዳንዷን ከብት በገንዘብ ገመቱ፤ ድርሻችን በላም ሳይሆን በዚያ ግምት ተጻፈ።

ውሉን በውልና ማስረጃ አጸደቅነው። ዋናው ነገር ሦስት ነው። በረቱን የሚያስተዳድረው (እኔ ነኝ) ከትርፍ ድርሻው በፊት የወር ደመወዝ ይወስዳል፤ ይህ ካልተጻፈ ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቶ የሚያልበውና ከተማ ተቀምጦ ድርሻውን የሚጠብቀው ወንድም መቀያየማቸው አይቀርም። ወንድ ጥጃ ይሸጣል፣ ገንዘቡም ይከፈላል፤ ሴት ጥጃ ግን ያለ ሦስታችን ፊርማ አትወጣም። ልውጣ የሚል ወንድም ካለ ድርሻውን በአዲስ ግምት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ተከፍሎት ይወጣል። ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ወጥቷል፤ አንዲት ላም አልተሸጠችም፣ ዛሬም በዓልን አብረን እንውላለን።

መሬታችሁ በከተማው መስፋፋት የሚነካ ከሆነ ግን የኔን ልምድ እንዳለ አትውሰደው። ያኔ መንጋውን ወዴት እንደምታዛውሩ ከመፈራረማችሁ በፊት መወሰን አለባችሁ፤ በረት የሌለው የጋራ መንጋ ቢበዛ አንድ ክረምት ነው የሚቆየው።

ለጊዜው ከ9ኙ የትኞቹ እንደሚታለቡ፣ የትኞቹ እንደነጠፉ፣ እርጉዞቹም መቼ እንደተዳቀሉ ጽፈህ እዚሁ አስቀምጥልን። አባታችሁ ደብተር ከነበራቸው ፈልጉት፤ ከሌለ አዳቃዩን ባለሙያ ጠይቁት፣ እሱ ዘንድ የተመዘገበ ይኖራል። ዝርዝሩን ይዘን የየወሩን የወተት ገቢና የመኖ ወጪ አብረን እናሰላዋለን፤ ወንድሞችህም ዕጣው ማንን ባዶ በረት ላይ እንደሚጥል በዓይናቸው ያዩታል።